የእንዳላማው ሙጫ ጨርቅ

ሰኔ 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ዝናብ። ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ዝናብ። ዝናር ስሰፋ ዋልኩ። ሁለት ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ወስፌዬ ተሰበረ።

ድሮ መርጡለ ማርያም ብራና ፍቄ፣ ዳዊት ጽፌ፣ ማኅደር ሰፍቼ የማድር ሰው ነበርኩ። አሁን ጮቄ ላይ፣ ከአርበኛ ጋር። የምጽፈው የፊታውራሪ አበረን ደብዳቤ፣ የምሰፋው ዝናርና ስልቻ። ቢሆንም እዚህ ሰፈር ከእኔ እጅ ያልወጣ የቆዳ ዕቃ የለም። ይህን ብጽፍ ትዕቢት አይሆንብኝም፤ የሚያነበው እኔው ነኝ።

የብርጓል ብቅ ብላ «ያባራ ይሆን?» አለችኝ። እኔ ሰማይ ነኝ? ይህች ሚስቴ የማትጠይቀኝ ነገር የለም። ወንዙ ሞልቷል ወይ፣ ሕልሜ ደግ ነው ወይ፣ በዚህ ልሂድ በዚያ... አያባራም አልኳት። «እሺ» ብላ ገሳዋን ደርባ ወጣች። እኔ አንዴ ካልኳት ሌላ ሰው አትጠይቅም። አንዳንዴ ይሰለቸኛል።

ሰኔ 24

አውሮፕላን መጣ። ዋሻ ለዋሻ ተሸሸግን። ቦምብ አልነበረም፤ ለራሱ ምሽግ ስንቅ ሲጥል ነፋስ ወደ እኛ ገፋው። ሁለት ጃንጥላ ወረደልን። በአንዱ ዱቄት፣ በአንዱ የሐኪም ሳጥን።

ጃንጥላው ሐር ነው። ሰፊ ነው፣ ቤት ያለብሳል። በእጅ ሲይዙት ግን ያለ አይመስልም። ፊታውራሪ ጠቅልለው ሰጡኝ። «የኔታ፣ ሰዉ በሸክም አለቀ። ከዚህ ቀለል ያለ መያዣና መጠለያ ያውጡልን። የእርስዎ እጅ ያውቃል።»

ሁሉም ሰምቷል። የብርጓልም ሰምታለች።

ሳጥኑ ውስጥ ነጭ ጥቅል ጥቅል ጨርቅ ሞልቶበታል። በአንድ ፊቱ ሙጫ አለበት፣ እጅ ይይዛል። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጥግ ጣልነው።

ሰኔ 28

ከደብረ ማርቆስ አንድ ሰው ከድቶ መጣ። እንዳላማው ይባላል። በጣሊያን ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ነበር። ገና ወጣት። ብዙ ይስቃል... ምን እንደሚያስቀው እንጃ።

ሐምሌ 1

ሐሩ አስቸገረኝ። ቆዳ ወስፌ ይችላል፤ ይህ ግን የበሳሁበት ሁሉ እየተተረተረ ይሄዳል። አንድ ክንድ ያህል ተቀደደብኝ። ከፊታውራሪ ፊት።

ያ ልጅ ቆሞ ያያል። «የኔታ፣ ይፍቀዱልኝና...» አለ። ጥግ ከተጣለው ሳጥን አንዱን ጥቅል አነሳ፣ ቀደደ፣ ቅዳዱ ላይ ለጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። በቃ። ውሃ አፈሰሱበት። ጠብታ አላለፈም።

ጣሊያኖቹ ቼሮቶ ይሉታል አለ። ለቁስል ነው የተሠራው። የኛ ሰው ወዲያው ሙጫ ጨርቅ አለው።

ፊታውራሪ ሐሩን ከጭኔ ላይ አንስተው ለሱ ሰጡት። «የኔታ ይረፉ» አሉ። ማን ዕረፍት ጠየቀ?

ሐምሌ 9

እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን መዳብ ይባል ነበር። ይህ ሰውዬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ያው ወርቅ ነው።

የዝናብ ልብስ ሠራ። ራስ ላይ ይጠለቃል፣ እስከ ጉልበት ይወርዳል፣ ሲታጠፍ ጡጫ ውስጥ ይገባል። ገሳ አንዴ ከረጠበ ተሸካሚውን ይሸከመዋል፤ ይህ ተራግፎ ይደርቃል። ለአራት ሰው የሚሆን መጠለያም ሠራ። በሁለት ዱላና በገመድ ይቆማል። ወስፌ የለ፣ ጅማት የለ። ይቀድዳል፣ ይለጥፋል፣ ይስቃል።

ለየብርጓልም ከረጢት ሠራላት። የኔን ስልቻ አውርዳ ያን አነገተች። ሙላት የሚባለው ቀልደኛ ዘብ «የየኔታ ስልቻ እኮ ባዶውንም አህያ ይፈልጋል» አለ። ሰዉ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ትንሽ። አፏን በነጠላዋ ሸፍና። አየኋት።

ሐምሌ 10

ማታለል ነው እንጂ ሥራ ነው? ያልተሰፋ ነገር ዕቃ ይባላል?

ሐምሌ 14

የዛሬውን መጻፍ ያሳፍራል። ግን ለማን አፍራለሁ።

እንዳላማው ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ጥቅሉን ድንጋይ ላይ ትቶት ነበር። አንድ ስንዝር ቀደድኩ። ሙጫው ከምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው... የዛፍ ሙጫ ይሸታል። ወደ ብርሃን ዘርግቼ ልየው ብዬ አንዱን ጫፍ እንደ ጅማት በጥርሴ ያዝኩት። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። ተጠቀለለና ጢሜ ላይ ተለጠፈ። ስስበው እንባዬ መጣ።

ቀና ስል እንስራውን ተሸክሞ ቆሟል። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«የኔታ፣ አይሳቡት። ቅቤ ያስነኩት። ቅቤ ካገኘ ራሱ ይለቃል።»

ቅቤ አምጥቶ ሰጠኝና ፊቱን አዞረልኝ። እውነቱን ነው፣ በቅቤ ሟሟ፣ ለቀቀ። ለማንም እንደማይናገር ያስታውቃል። ይህም አናደደኝ።

ሐምሌ 20

የብርጓል ቀሚስ ስትለውጥ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ ጠርዙ የተስተካከለ... ሙጫ ጨርቅ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቁስል ነው።»

«የምን ቁስል?»

ቀሚሷን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ኋላ ላይ «የስልቻው ማንገቻ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ይልጠኝ ነበር» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለፍተው የሰፉልኝን ምን ልበል?»

«ለእሱስ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። ስራመድ አይቶ ጠየቀኝ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አጠገባችን ነበሩ፤ እሳቸው ናቸው ልብሴን የያዙልኝ። አንቱ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም።

ስትራመድ አይቶ! አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስሄድ እኔ ዓይን የለኝም? ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ስታነክስ... አነከሰች እንዴ? ላስታውስ ብል አልመጣልኝም። ሁልጊዜ ከኋላዬ ነው የምትሄደው።

ሐምሌ 21

ሥራ አልሠራሁም። የሱ እጅ የነካው ትከሻ ዓይኔ ላይ ተለጥፎ ዋለ። መነኩሲት አጠገባቸው ነበሩ፣ አውቃለሁ። ቁስል ነው፣ አውቃለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያቃጥለኝ?

ሐምሌ 29

ፊታውራሪ ጠሩን። እኔን፣ የብርጓልን፣ እሱን። ከተማ ያለችው ጠላ ሻጭ ወለተ ኪዳን ስድሳ ጥይት አግኝታልናለች። የብርጓል በገበያተኛ አምሳል ገብታ ታምጣው ተባለ። ሁለት ጊዜ ሄዳ በሰላም ተመልሳለች፤ ጥይቱን በኩበት ሸክም ውስጥ ነበር ያመጣችው። አሁን ግን ኬላው ላይ ሸክሙን ሁሉ በሳንጃ ይወጋሉ አሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት እዚያው ላይ ተይዛ... ምን እንደሆነች አልጽፈውም።

በገላዋ ላይ መሆን አለበት።

እኔ ከግልገል ቆዳ ለስላሳ ዝናር ሰፍቼ ይዤ ነበር። ሦስት ቀን ነው የለፋሁበት። እሱ ከሐር መቀነት ሠርቷል። እጥፍ ሐር፣ ውስጡ ኪስ ኪስ፣ ኪሱ ሁሉ በሙጫ ጨርቅ የተያዘ፤ እያንዳንዱ አንዳንድ ጥይት ይውጣል። የብርጓል ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ነጠላዋን መለሰች። ምንም አይታይም። ፊታውራሪ «ዝለይ» አሏት። ዘለለች። ድምፅ የለም።

የኔን አገላብጠው አዩት። «ሥራው ሥራ ነው የኔታ። ግን አዲስ ቆዳ ይጮኻል» አሉና መለሱልኝ።

ቅናት ነው። ስሙን ልጥራው። በዳዊት ስንቴ ያነበብኩት፣ ለተማሪ ስንቴ የተረጎምኩት... አሁን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ከገባ አራት ቀን። ቅቤ የሚበላ የለም፤ ቅሉ ሞልቷል።

ነገ ቀትር ላይ ትወርዳለች። ከመሄዷ በፊት ፊታውራሪ መቀነቱን ጥይት ሞልተው ሊፈትኑት ነው። ከሰዓት በኋላ መቀነቱን ይዛ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ከትከሻው ነገር ወዲህ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም።

«ዝናቡ ከባድ ነው። ውሃ እንዳይገባው እንደ ቆዳው ቅቤ ልቀባው?»

ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህን ነው። ስልቻም ዝናርም ጫማም ክረምት ሲገባ ቅቤ ይቀባል። የለመድነው ቆዳ ነዋ። ሙጫ ጨርቅ ቅቤ እንደሚፈታው የሚያውቁ እዚህ ተራራ ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። እሱና እኔ።

«ቅቢው» አልኳት። «መገጣጠሚያውን ሁሉ ደህና አድርገሽ ቅቢው።»

«እሺ» አለች።

ለምን እንዳልኩ ልጻፍ። ነገ ፊታውራሪ ፊት ጥይቱ ሲሞላበት ይፈታል። ዝርግፍ ይላል። ሰዉ ያያል። የዚያ ልጅ ሳቅ ይደርቃል፤ እሷ የኔን ዝናር ታጥቃ ትሄዳለች። ይኸው ነው። ሌላ ክፋት አላሰብኩም። እሷን የሚጎዳ ነገር አላሰብኩም።

ነሐሴ 5

ከቅዳሴ ስመለስ የለችም።

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ነገሩኝ። «ጉሙ ሳይገለጥ ትሂድ ብለው ፊታውራሪ ሰደዷት። ጥሩ ጉም ነው። እንዳላማው እስከ መሻገሪያው ይሸኛታል።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልጻፍ? ቅናት። እሱ ሸኛት! ይህን ነው ያሰብኩት። ከዚያ ነው መቀነቱ ትዝ ያለኝ።

«ሳይፈተን? መቀነቱ?» አልኳቸው።

«ያኔ ዘላበት የለ፣ ይበቃል አሉ። መቀባቱ ሳይደርስላት ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ይዛለች፤ ከተማ ስደርስ እቀባዋለሁ ብላ። የኔታ ብለውኛል አለች።»

ሮጥኩ። የታችኛው በር ላይ ሙላት ዘብ ነው። ሴቲቱ እስክትመለስ ማንም እንዳያልፍ ታዟል። «ለምንድን ነው የሚወርዱት የኔታ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። «ስንቋን ረስታ ነው» አልኩት። «ሌላ ሰው ያበላታል፣ ይመለሱ» አለኝ። እውነቱን ብነግረው ያሳልፈኝ ነበር። ስንቋን ረስታ ነው አልኩት...

ዞሬ በገደሉ በኩል ወረድኩ። ሁለቴ ወደቅሁ። ጨሞጋ ደርሼ ባየው ሞልቶ ዛፍ ይነዳል። እሷ ከመሙላቱ በፊት አልፋለች። በወዲህኛው ዳር ቆሜ ስሟን ጠራሁ። ወንዙ ራሴንም አላሰማኝ።

ስመለስ እንዳላማው የተቀደደ የዝናብ ልብስ ይለጥፋል። ቀና ብሎ አየኝ። ሳቅ የለም። «ደህና ዋሉ» ብቻ ብሎ አቀረቀረ። ስለ ቅቤው ልንገረው? ቢነግሩትስ ወንዙን ምን ያደርገዋል? ደግሞ ምን ብዬ... አልነገርኩትም።

ነሐሴ 6

ገበያው ዛሬ ነው።

አሁን ወለተ ኪዳን ቤት ናት። አሁን ቅቤውን ፈትታለች። ሞቅ ያለ ቤት ነው፣ ቅቤው ቶሎ ይገባል። አሁን ጥይቱን ኪሱ ውስጥ ትከታለች። ይይዛል፣ መጀመሪያ ይይዛል። የኔ ጢምም ወዲያው አልለቀቀም። አሁን ተነስታለች። አሁን ኬላው...

ፊታውራሪ ደጅ ሦስት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው «ምነው የኔታ፣ አሞዎታል?» አሉኝ። አሞኛል አልኩ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና። ይህን ለስንት ተማሪ ነግሬያለሁ! ለሰው ልጅ የቆፈርኩት... የገባችበት የኔዋ ናት።

አልበላሁም። ጾም ነው ይሉኛል።

ነሐሴ 7

መጣች።

ከቀትር በኋላ ነው። ከላይ ሆኜ አየኋት፣ ያንን ከረጢት አንግታ፣ ቀስ ብላ ስትወጣ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ሙላት የጸለይኩ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ፊታውራሪ ፊት መቀነቱን ፈታች። ስድሳ ጥይት። አንድ አልጎደለም። እንዳላማው ኪሶቹን እየቀደደ ያወጣል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ቅቤ አይሸትም።

ጎጆ ስንገባ «ቅቤውስ?» አልኳት።

ከከረጢቱ ቅጠሉን አወጣችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። እንደተጠቀለለ ነው።

«መሻገሪያው ላይ እንዳላማው አየብኝ። ይህ ለምንድን ነው አለኝ። ለመቀነቱ ነው፣ የኔታ ቅቢው ብለውኛል አልኩት። ደነገጠ። ቅቤ እኮ ይፈታዋል፣ ኬላው ላይ ይዘረገፍብሻል አለኝ። የኔታ ያውቃሉ፣ ጢማቸውን የያዛቸው ዕለት እኔው ነግሬያቸዋለሁ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ረስተው ነው አልኩት።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። ጠበቀችኝ። ረስቼ ነው እንድል ጠበቀችኝ፤ ያን ብል ትቀበለኝ ነበር፣ አውቃታለሁ።

ሁለት ቀን ስዋሽ ውያለሁ። በቃኝ።

«አልረሳሁም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እዚሁ ፊታውራሪ ፊት ይፈታል ብዬ... እሱን ላሳፍረው ብዬ ነው። እንዲህ ማልደሽ ትሄጃለሽ ብዬ አላሰብኩም የብርጓል።»

የተጠቀለለውን ቅቤ ከመሬት አነሳችው። ከዚያ «ለሱ ረስተው ነው ብዬዋለሁ። ለሰዉ እንደዚያው ይሁን» አለች። ተነስታ ቅቤውን ወደ ቅሉ መለሰችው። ቅጠሉን ጣለች። ለእግሬ ውሃ አሞቀች፣ እንደ ወትሮው።

ነሐሴ 8

ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ዘንድሮ አልቆርብም።

ነሐሴ 12

እንዳላማው መጣ። ሙጫ ጨርቁ ሊያልቅ ነው፤ ሁለት ጥቅል ቀርቶታል። «የኔታ፣ ሐሩን በሙጫው ላይ ብንሰፋው አይተረተርም። ጫፍ ጫፉን እርስዎ በጅማት ቢይዙልኝ ትንሽ ሙጫ ይበቃናል።»

አብረን ዋልን። እሱ ይለጥፋል፣ በልጣፉ ላይ እኔ እሰፋለሁ። ሐሩ ወስፌውን ቻለው። ጥሩ ከረጢት ወጣው፤ ማንገቻውን ሰፋ አድርጌ በሱፍ ደለደልኩት። እጁ ጥሩ ነው። ይህን ጻፍኩ፣ አልሞትኩም።

ስለ ቅቤው ምንም አላለኝም። የረሳ ሽማግሌ እንደሚያዩ አየኝ፣ በሐዘኔታ። ይሁን። ከዚህ የከፋ ይገባኛል።

ነሐሴ 19

የብርጓል ዛሬም ወደ ከተማ ወረደች። አዲሱን ከረጢት አንግታለች። ማንገቻው ትከሻዋን እንዳልነካት በዓይኔ አረጋገጥኩ፤ ዛሬ ከፊት አስቀደምኳት፣ እስከ በሩ ድረስ ከኋላዋ ሄድኩ። ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ለካ እንዲህ ነው የምትሄደው።

በማለዳው ወርጄ ወንዙን አይቼ ተመልሼ ነበር። ለሷ ስል። በሩ ላይ ቆመች።

«ወንዙ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ደስ አለኝ፣ ስለጠየቀችኝ። «ጎድሏል» አልኳት። «በድንጋዩ በኩል ተሻገሪ፣ ጉልበት አይደርስም።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ ወደ ሙላት ሄደችና ወንዙ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው።